«ከየት ነሽ?» ሲሏት የኖረችው የስኮትላንድ ገጣሚ

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ጸሐፊ ጃኪ ኬይ ትባላለች። ገጣሚም ልብ ወለድ ደራሲም ናት። ስኮትላንዳዊት ናት። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ብዙ ሰው ሳይቀበላት ስለኖረ ነገራችንን ከእሷ ብንጀምር ይሻላል።

ኬይ በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ካሳተመቻቸው ግጥሞች በአንዱ ውስጥ አንዲት ነጭ ሴት አንዲት ጥቁር ወጣትን ከየት እንደሆነች ትጠይቃታለች። ወጣቷ የግላስጎው ልጅ መሆኗን ትነግራታለች። ጠያቂዋ ግን መልሱ አልጣማትም፤ ግላስጎውስ ይሁን፣ ከዚያ በፊትስ እያለች ትወተውታታለች። ግጥሙ ሲጀምር ያስቃል፤ እየቆየ ሳቁ ይጠፋል። እኛ ግጥሙን ያገኘነው ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት በተሰጠን ጥራዝ ውስጥ ነበር። በዚያው ሳምንት ከመካከላችን አንዷ አውቶቡስ ላይ ያንኑ ጥያቄ ተጠይቃ፣ ከነታንያ ነኝ ብትል ጠያቂው አልረካም ነበር። በዚህ ምክንያት የዚህችን ሴት መጻሕፍት አንድ በአንድ እየፈለግን ማንበብ ጀመርን።

ኬይ በ1961 በኤዲንብራ ከተማ ተወለደች። የወለደቻት እናት ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ተራራማ አገር የመጣች ነጭ ነርስ ነበረች። አባቷ ደግሞ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ናይጄሪያዊ፣ የኢግቦ ሰው ነው። ሁለቱ አልተጋቡም። ሕፃኗን ሄለንና ጆን ኬይ የሚባሉ ነጭ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ወስደው፣ ከግላስጎው ዳርቻ ባለችው በቢሾፕብሪግስ አሳደጓት። ከእሷ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብለው እንደ እሷ ክልስ የሆነ ወንድ ልጅ ወስደው ስለነበር ከወንድም ጋር ነው ያደገችው።

ባልና ሚስቱ ኮሚኒስቶች ነበሩ። ጆን የኮሚኒስት ፓርቲ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነበር፤ ለፓርላማም ተወዳድሯል። ሄለን የኑክሌር መሣሪያን የሚቃወመው ንቅናቄ የስኮትላንድ ክፍል ጸሐፊ ነበረች። ልጅ ለመውሰድ በየጉዲፈቻ ድርጅቱ ሲዞሩ ያጋጠማቸውን ነገር ኬይ በኋላ በግጥም ጽፋዋለች። አንዱ ድርጅት ቤተ ክርስቲያን አትሄዱም ይላቸዋል፤ ሌላው ገቢያችሁ አይበቃም ይላል፤ ሌላው ደግሞ አምስት ዓመት ጠብቁ ይላል። በመጨረሻ የሄዱበት ቦታም ሕፃን የለም ተባሉ። ተስፋ ቆርጠው ሊወጡ በሩ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ ዞር ብላ፣ የልጁ የቆዳ ቀለም ለእኛ ምንም አይደለም ትላለች። የሌለው ሕፃን ወዲያው ተገኘ።

ይህን ክፍል በቡድን ስናነብ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ግጥሙ አንድም ቦታ ላይ ዘረኝነት የሚል ቃል አይጠራም። ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ረጅም ተራ እንዳለ ይነግረናል፤ ከዚያ በተራው ውስጥ ያልተቆጠሩ ሕፃናት እንደነበሩ ያሳየናል። ፍርዱ ለአንባቢው የተተወ ነው።

ኬይ በልጅነቷ በትምህርት ቤት ከልጆችም ከመምህራንም ስድብና ንቀት ደርሶባታል። መጀመሪያ ተዋናይ መሆን ትፈልግ ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ መጨረሻ አካባቢ በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሯ ክፉኛ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ቤት ስትውል ግን ማንበብና መጻፍ ሥራዋ ሆነ። ግጥሞቿ በስኮትላንድ ታላቅ ስም ያለው ደራሲ አላስዴር ግሬይ እጅ ገቡ። እሱም መሆን ያለባት ጸሐፊ እንደሆነች ነገራት። ከዚያ በስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተማረች።

በወጣትነቷ የጽዳት ሠራተኛም ነበረች። ካጸዳችባቸው ቤቶች አንዱ የስለላ ልብ ወለዶችን በመጻፍ ዝናው የታወቀው የጆን ለ ካሬ ቤት ነው፤ አራት ወር ሠርታበታለች። ኬይ መጻፍ ለሚፈልጉ ወጣቶች ይህን ሥራ ትመክራለች። ምክንያቷም የሚያጸዳን ሰው ማንም ልብ ስለማይለው፣ እንደ ሰላይ ሁሉን መስማት ይቻላል የሚል ነው። በብዙዎቻችን ቤት ይህን ሥራ የማያውቅ የለም። እናቶቻችን በየቢሮውና በየሆስፒታሉ ሲያጸዱ የሰሙትን ብንጠይቃቸው ስንት መጽሐፍ ይወጣው ነበር የሚል ወሬ በመካከላችን ተነሥቶ፣ እስካሁን ማንም ሄዶ አልጠየቀም።

የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏ «ዘ አዶፕሽን ፔፐርስ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የጉዲፈቻ ወረቀቶች» ማለት ነው። በ1990 በቢቢሲ ሬዲዮ ተሰማ፤ በ1991 በመጽሐፍ ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ሴቶች በየተራ ይናገራሉ፦ ልጅቷ፣ ያሳደገቻት እናትና የወለደቻት እናት። ማን እየተናገረ እንደሆነ እንድናውቅ የእያንዳንዷ ንግግር በተለየ የፊደል ቅርጽ ታትሟል። አንዷ የሌላዋን ንግግር የምትሰማበት ቦታ ባይኖርም፣ ገጹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነበቡ የሚወያዩ ይመስላሉ።

ኬይ መጻፍ ስትጀምር ወላጅ እናቷን አግኝታት አታውቅም ነበር። ስለዚህ የዚያችን ሴት ድምፅ ከራሷ አእምሮ መፍጠር ነበረባት። አሳዳጊ እናቷን ግን በየቀኑ ስትሰማ ያደገች ስለሆነ ንግግሯ ከነለዛው ሙሉ ሆኖ መጥቷል። በተለይ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ቤቱን ልትመረምር የምትመጣበት ክፍል በጣም ያስቃል። እናትየው ኮሚኒስት መሆናቸው እንዳይታወቅ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን መጻሕፍት ትደብቃለች። ጋዜጣውን ታነሣለች፤ የሰላም ርግቦቹን ታወርዳለች። ሁሉንም ጨረስኩ ብላ ስትቀመጥ፣ እንግዳዋ ተሰቅሎ የተረሳውን በሰላም ባጆች የተሞላ ቀይ ሪባን ታየዋለች። እናትየው በቃ አበቃልን ብላ እውነቱን ትናገራለች። ሠራተኛዋ ግን እሷም ሰላም ወዳጅ እንደሆነች ተናግራ ቡናዋን ትጠጣለች። ለእንግዳ ቤት አስተካክሎ መጠበቅን፣ በተለይ ከመንግሥት ለመጣ እንግዳ፣ የማያውቅ ቤተሰብ በእኛ ዘንድ ጥቂት ነው።

ከመካከላችን አንዱ ይህን መጽሐፍ እየተረጎመ ለእናቱ አነበበላቸው። እሳቸው በሳቁ ቦታ ስቀው ካበቁ በኋላ ያቺ የወለደቻትስ እንዴት ሆነች ብለው ጠየቁ። መጽሐፉ ውስጥ ትንሹን ቦታ የያዘችው እሷ ነበረች። እኛ በትምህርት ቤት ዓይን ስለ ማንነትና ስለ ቀለም ስንነጋገር ቆይተን ይህን ጥያቄ ማናችንም አላነሣንም ነበር።

መጽሐፉ በስኮትላንድ የሳልታየር ማኅበር ለጀማሪ ደራስያን የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ በ1993 «አዘር ላቨርስ» የሚል የግጥም መድበል አወጣች፤ እሱም በማግሥቱ ዓመት የሶመርሴት ሞም ሽልማትን አገኘ። በ1997 ደግሞ ስለ አሜሪካዊቷ የብሉዝ ዘፋኝ ስለ ቤሲ ስሚዝ የሕይወት ታሪክ ጻፈች። የቤሲን ሸክላ ገና ልጅ ሳለች የሰጣት አሳዳጊ አባቷ ነው። በዙሪያዋ እሷን የሚመስል ሰው በሌለበት ሰፈር፣ በሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ፊት እንደ ዘመድ ሆናት። የታሪክ ምሁር መጽሐፍ ነው ብላችሁ ካነሣችሁት ታዝናላችሁ፤ ግማሹ የራሷ የልጅነት ትዝታ ነው። እኛ የወደድነው ያንኑ ግማሽ ነው።

በልብ ወለድ ስሟን ያስጠራው በ1998 የወጣው «ትራምፔት» ነው። በዚያው ዓመት የጋርዲያን ጋዜጣን የልብ ወለድ ሽልማት ተቀበለ። መነሻው እውነተኛ ነገር ነው። ቢሊ ቲፕተን የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቀኛ በ1989 ሲሞት፣ ሃምሳ ዓመት ያህል በወንድነት የኖረው ሰው ሲወለድ ሴት እንደነበረ ታወቀ። በጉዲፈቻ ያሳደጋቸው ልጆቹ አያውቁም ነበር። ኬይን የያዛት ነገር፣ ከልጆቹ አንዱ ለእኔ ምንጊዜም አባቴ ነው ማለቱን ጋዜጣ ላይ ማንበቧ ነበር።

እሷ ታሪኩን ወደ ስኮትላንድ አመጣችው። ጆስ ሙዲ ዝነኛ ጥቁር ስኮትላንዳዊ የትራምፔት ተጫዋች ነው። መጽሐፉ ሲጀምር ሞቷል። ሚስቱ ሚሊ ምስጢሩን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ በጉዲፈቻ ያደገው ልጃቸው ኮልማን ግን የሰማው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው። ሚሊ ከጋዜጠኞች ሸሽታ ባሕር ዳር ወዳለው የዕረፍት ቤታቸው ትሄዳለች። ኮልማን በንዴት ነዶ፣ የአባቱን ገበና በመጽሐፍ ልታወጣ ከምትፈልግ ጋዜጠኛ ጋር ይዋዋላል። በመካከል ደግሞ ሥራቸውን ብቻ ለመሥራት የመጡ ሰዎች አሉ፦ አስከሬኑን ያየችው ሐኪም፣ የሞት ምስክር ወረቀት የሚጽፈው ሹም፣ አስከሬን የሚያዘጋጀው ሰው፣ የባንዱ ከበሮ መቺ፣ ቤት የምታጸዳ ሴት። ሐኪሟ በወረቀቱ ላይ «ወንድ» የሚለውን ሰርዛ «ሴት» ብላ ትጽፋለች፤ ጽሕፈቷ አላምር ብሏት እሱንም ሰርዛ በትልልቅ ፊደል እንደገና ትጽፈዋለች። በአንድ የብዕር ጭረት የአንድ ሰው ኑሮ ሲለወጥ እናያለን።

ይህ ርዕስ በአንዳንድ ቤተሰቦቻችን ዘንድ እንደሚከብድ እናውቃለን። ኬይ ራሷ ሴቶችን የምታፈቅር ሴት መሆኗን ሳትደብቅ የኖረች ናት፤ ይህንንም የማይቀበል አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን «ትራምፔት» ማንንም ለመስበክ የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም። ጥያቄው የልጅና የአባት ነው። የኖርኩበት ቤት ውሸት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ታሪክ ነው። ኮልማን በልጅነቱ አባቱን ስለ ዘር ሐረጋቸው ሲጠይቀው፣ ጆስ አንድ መልስ አይሰጠውም። ብዙ ታሪክ እየፈጠረለት፣ የወደድከውን ምረጥ ይለዋል። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ይህ መልስ እንደ ስድብ ሊሰማው ይችላል። ለእኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር። በኋላ ግን ጆስ የሞተበትን፣ በመርከብ ከአፍሪካ በልጅነቱ የመጣውን የአባቱን ታሪክ በመጨረሻው ደብዳቤ ሲነግረው፣ ምን ያህሉ እንደጠፋና ለምን መፍጠር እንደተገደደ ገባን።

አሁን ስለ ቋንቋዋ። በስኮትላንድ ከእንግሊዝኛ ሌላ ስኮትስ የሚባል ለእንግሊዝኛ እህት የሆነ ቋንቋ አለ። ትንሽን «ዊ»፣ ማወቅን «ኬን» ይላል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እችለዋለሁ ብሏል። ሆኖም ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት እንደ ተበላሸ እንግሊዝኛ እየተቆጠረ ልጆች ይታረሙበት ነበር። ኬይ የግላስጎው እናቷ የምትናገረውን ይህን ልሳን በግጥሟ ውስጥ ያለ ማብራሪያ ትጠቀምበታለች። «ኦልድ ታንግ» በሚለው ግጥሟ ውስጥ በስምንት ዓመቷ ወደ እንግሊዝ የተወሰደች ልጅ አለች። የድሮ ቃላቷ አንድ በአንድ ይጠፉባታል፤ አዲሱ አነጋገር ሳታውቀው በአፏ ይገባል፤ እናቷም ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ የጠፉትን ቃላት መልሱልኝ ብላ ታለቅሳለች። ይህን ግጥም ለታናናሾቻችን በዕብራይስጥ ስናብራራላቸው፣ የምናብራራበት ቋንቋ ራሱ ነገሩን አስረዳልን።

ከስኮትስ ጋር በቀልድም ትጫወታለች። በስኮትላንድ ከ1936 ጀምሮ በእሑድ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ «ዘ ብሩንስ» የሚባል የሥዕል ቀልድ አለ። እናትየዋ ማው ብሩን ወፍራም፣ ሻሽ የምታስር፣ ከሰው ሁሉ በኋላ የምትበላ ሴት ናት። ኬይ ይህችን ሴት ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ላከቻት። ለሌላው ብቻ የኖረች እናት ስለ ራሷ ተናገሪ ስትባል ምን ትላለች? በ2009 ከዚህ የተነሣ «ዘ ማው ብሩን ሞኖሎግስ» የሚል የመድረክ ሥራ ተሠርቷል። ስለ ባርነት የጻፈችው «ዘ ላምፕላይተር» ደግሞ የባሪያ ንግድ በብሪታኒያ በሕግ በታገደ በ200ኛ ዓመቱ፣ በመጋቢት 2007 በሬዲዮ ተሰራጨ። ግላስጎው ውስጥ ጃማይካ ስትሪትና ቨርጂኒያ ስትሪት የሚባሉ መንገዶች አሉ፤ ቡካናንና ግላስፎርድ የሚባሉት ደግሞ በትምባሆ በከበሩ ነጋዴዎች ስም የተጠሩ ናቸው። ኬይ የከተማዋ ሀብት ከየት እንደመጣ በሴቶቹ አንደበት ታስነግራለች። እውነቱን ለመናገር በመጽሐፍ ስናነበው ድግግሞሹ አደከመን፤ ለጆሮ የተጻፈ ስለሆነ በጆሮ ቢሰማ ይሻላል። አጫጭር ልብ ወለዶቿም ሦስት መድበል ያህል ናቸው፤ በዚህ አናወራቸውም።

ወደ ወላጆቿ እንመለስ። ኬይ ልጅ አርግዛ ሳለች ሐኪሞች በዘር የሚመጣ በሽታ በቤተሰብሽ አለ ወይ ብለው ሲጠይቋት መልስ አልነበራትም። ፍለጋው የከረረው ከዚያ ወዲህ ነው። ወላጅ እናቷን አገኘቻት፤ የሞርሞን እምነት ተከታይ ሆናለች፤ በኋላም የመርሳት ሕመም ጀምሯት ነበር። አባቷን ያገኘችው በ2003 በናይጄሪያ ዋና ከተማ በአቡጃ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ «ሬድ ደስት ሮድ» በሚለው በ2010 በወጣው መጽሐፏ ውስጥ ተጽፏል። «የቀይ አቧራ መንገድ» ልንለው እንችላለን።

የአቡጃው ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የማይረሳ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስትሥለው የኖረችው አባት ዳግም የተወለደ ክርስቲያን ሆኖ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ መጣ። ከሰላምታ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ጸለየላት፤ ዘመረ፣ ዘለለ። ለእሱ እሷ የድሮ ኃጢአቱ ምልክት ናት፤ መንጻት አለባት። ካልዳነች በስተቀር ለልጆቹም ለቤተ ክርስቲያኑም ሊነግር አይፈልግም። ኬይ ይህን ስትጽፍ አባቷን አታዋርደውም። በሚያስቅበት ቦታ ትስቃለች፤ ከዚያ በሚቀጥለው ገጽ ሰው ልጁን አግኝቶ እንዴት እንደገና ይክዳል የሚለው ሐዘን ሳይታሰብ ይመጣል። ከጉዞው በኋላ ስልክ የደወለችው ግላስጎው ላሉት ለእናትና ለአባቷ ነበር፤ ለሄለንና ለጆን። አባትና እናት ስትል ያለ ምንም ቅጽል እነሱን ማለቷ ነው።

በሌላ ጉዞዋ አባቷ ሳያውቅ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደች። በቀዩ አፈር ላይ ቆመች፤ የርዕሱ መንገድ ይህ ነው። ነገር ግን በናይጄሪያ ልጆች ሲያዩዋት «ኦይቦ» እያሉ ይጮሁ ነበር። ቃሉ ለነጭ ሰው የሚባል ነው። በስኮትላንድ ጥቁር ናት ተብላ ከየት ነሽ የተባለችው ሴት፣ በአባቷ አገር ነጭ ሆነች። በኢትዮጵያ ሳሉ ፈላሻ ተብለው እንደ ባዕድ የተቆጠሩ፣ እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ብቻ የሆኑ ወላጆችና አያቶች ያሉን እኛ፣ ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብነው። በዚያው ጉዞ ግን በአባቷ በኩል ያለ አንድ ወንድሟ በደስታ ተቀብሏታል፤ መጽሐፉ በአባቷ እምቢታ ብቻ አይዘጋም።

ከዚህ መጽሐፍ ማግሥት፣ በ2011፣ «ፊር» የሚል የግጥም መድበል ወጣ። ፊር በጥንት ስኮትስ ጓደኛ፣ ባልንጀራ ማለት ነው። በዚህ መድበል ውስጥ ስኮትስና የኢግቦ አባባሎች በአንድ ቤት ይገናኛሉ። በ2019 ደግሞ «ሬድ ደስት ሮድ» በፀሐፌ ተውኔት ታኒካ ጉፕታ እጅ ለመድረክ ተዘጋጅቶ በኤዲንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ታየ።

በመጋቢት 2016 ኬይ የስኮትላንድ ማካር ሆና ተሾመች። ማካር የብሔራዊ ገጣሚነት ማዕረግ ነው፤ ቃሉ በስኮትስ «ሠሪ» ማለት ነው። እኛ ገጣሚ ስንል ገጠመ ከሚለው፣ አንዱን ከአንዱ ጋር አጋጠመ ከሚለው ቃል ነው፤ እነሱ ደግሞ ሠሪ ይላሉ። ሁለቱም የእጅ ሙያ ቃላት መሆናቸው ደስ ይላል። ማዕረጉ የተጀመረው በ2004 ሲሆን፣ ከእሷ በፊት ኤድዊን ሞርጋንና ሊዝ ሎክሄድ ይዘውት ነበር። ጥቁር ሰው ሲይዘው የመጀመሪያዋ ናት። በተሾመች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሐምሌ 2016፣ የስኮትላንድ ፓርላማ አዲስ ዘመኑን ሲከፍት በንግሥቲቱ ፊት ግጥም አነበበች። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ከሰጠች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም። የግጥሙ ርዕስ «ትሬሾልድ» ነው፤ የበር መድረክ ወይም ደፍ ማለት ነው፤ ሰውን ወደ ውስጥ ግቡ ይላል።

የማካርነት ግጥሞቿ ሁሉ ጥሩ ናቸው አንልም። ለበዓል የተጻፈ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ ለበዓሉ ይሆናል። አንዷ ግን ከሁሉ በላይ ቤት የገባች ናት። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የስኮትላንድ መንግሥት ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ ልብስና ዕቃ የሞላበት ሣጥን ይሰጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ ኬይ በስኮትስ ለሕፃኑ የጻፈችው የእንኳን ደህና መጣህ ግጥም አለ። የሕፃን ተራ በተጠበቀበት አገር ማንም ሊቀበላት ያልተሰለፈላት ልጅ፣ ለአገሩ ሕፃናት ሁሉ የመጀመሪያውን ሰላምታ ጻፈች።

ማዕረጉን በ2021 አስረከበች። በእነዚያው ዓመታት የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለርም ነበረች፤ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲም የሥነ ጽሑፍ ጥበብ ፕሮፌሰር ሆና አስተምራለች። በ2017 የወጣው «ባንታም» ርዕሱን ያገኘው ከጆን አባት፣ ማለት ከአያቷ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁመታቸው ከ160 ሳንቲሜትር በታች የሆኑ ሰዎች ባንታም በሚባሉ ክፍሎች ይዘምቱ ነበር፤ ባንታም ትንሽ ዝርያ አውራ ዶሮ ነው። የሥጋ ዘመዷ ያልሆነውን ይህን ሰው ስትጽፍ አያቴ ከማለት አትቆጠብም፤ ለማንም ማስረጃ አታቀርብም። በ2024 የወጣው «ሜይ ዴይ» ደግሞ ሄለንና ጆን ከሞቱ በኋላ የተጻፈ ነው። ከእነሱ ጋር የወጣችባቸው ሰልፎችና ከእነሱ በኋላ የቀረው ጸጥታ አንድ ላይ ገብተውበታል።

ለማንበብ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እንግሊዝኛው እንዳይከብዳችሁ በ«ሬድ ደስት ሮድ» ጀምሩ። ረጅም ዓረፍተ ነገር የለበትም፤ እያሳቀ ይወስዳችኋል። «ትራምፔት»ን ለዕረፍት ጊዜ አቆዩት፤ መጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ቀስ ይላሉ፣ ታገሡት። «ዘ አዶፕሽን ፔፐርስ»ን ግን ብቻችሁን አታንብቡት። ሦስት ሰው ሆናችሁ ድምፆቹን ተከፋፈሉና ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የስኮትስ ቃላቱም በጆሮ ሲሰሙ ይቀልላሉ። እኛ ስናነብ የአሳዳጊዋን እናት ክፍል ማን ይያዝ በሚል ልንጣላ ደርሰን ነበር፤ በመጨረሻ ዕጣ ጣልን።